የተዳፈነ በረዶ፦ ከማርስ አፈር ሥር ያለውን በረዶ ከምህዋር ለመለየት ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ክረምት አራት ኪሎ ላይ ኃይለኛ በረዶ ጣለ። የየቤቱ ቆርቆሮ ጮኸ። ዝናቡ ሲያባራ ጎርፉ በረዶውን ጠራርጎ አንድ ቦይ አፍ ላይ ከመረው። አሸዋና ቅጠልም አለበሰው። በማግስቱ ጠዋት በዚያው አለፍኩ። ፀሐይ ወጥታለች፣ መንገዱ ደርቋል፣ በረዶ የሚባል ነገር አይታይም። አሸዋውን በጫማዬ ገለጥ ሳደርገው ግን ከሥሩ ነጭ ክምር ተኝቷል። አንድ ጣት የማይሞላ አሸዋ ሌሊቱን ሙሉ አቆይቶታል።

እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍኑታል። አመዱ ፍሙን ይሸሽገዋል፤ ያቆየዋልም። ጠዋት ፍም መኖሩን ለማወቅ አመዱን መዛቅ አያስፈልግም። እጅን ከላይ ዘርጋ ማድረግ ይበቃል። የማርስ በረዶም እንዲሁ በአፈር ተዳፍኖ ነው ያለው። እጃችን ደግሞ ማርስን የሚዞሩት መንኮራኩሮች ናቸው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ላፕቶፕና ኢንተርኔት ላለው፣ ትዕግሥትም ላለው ሰው ነው። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ይዘን ይህንኑ እንሠራለን። የመንኮራኩሮቹ መረጃ ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። አራት ኪሎ ያለ ተማሪ የሚያየው ምስልና ካሊፎርኒያ ያለ ተመራማሪ የሚያየው ምስል አንድ ነው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. በረዶው የት ሊኖር እንደሚችል አስቀድማችሁ ገምቱ

ካርታ ከመክፈታችሁ በፊት ፊዚክሱን አስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ግፊቱ ዝቅ ስላለ ነው። ማርስ ላይ ግን የአየሩ ግፊት በአማካይ 6 ሚሊባር አካባቢ ነው። የአዲስ አበባን አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። በዚያ ግፊት ፀሐይ ያገኘው በረዶ አይቀልጥም። በቀጥታ ተን ሆኖ ይሄዳል።

አፈር ሲለብስ ነገሩ ይለወጣል። አፈሩ የቀኑን ሙቀት ይከለክላል። የተኑንም መውጫ ያጠብባል። ቦታው በቂ ቀዝቃዛ ከሆነ በረዶው ሚሊዮን ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሌይተንና መሪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን ገና በ1966 በስሌት አሳይተው ነበር። ያኔ ማርስ ላይ ያረፈ መንኮራኩር አልነበረም።

ከዚህ አንድ ቀላል ደንብ ይወጣል። ከ60 ዲግሪ ኬክሮስ በላይ በረዶው ሰፊና ለገጽ ቅርብ ነው። በማርስ ወገብ አካባቢ የላይኛው አፈር ደረቅ ነው። ፍለጋው ሞቅ የሚለው በመካከል፣ ከ35 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ቀበቶ ነው። ወደፊት ሰው ማርስ ላይ ቢያርፍ ብዙ ፀሐይና ሞቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ወደ ወገብ ይጠጋል። የሚጠጣው ውኃ፣ የሚተነፍሰው ኦክስጅንና የመመለሻ ነዳጁ ግን ከበረዶ ይገኛል። ሁለቱ ፍላጎቶች የሚገናኙት እዚህ ቀበቶ ላይ ነው።

ለእኔ ግን ከነዳጁ በላይ ልብ የሚነካው ታሪኩ ነው። ማርስ ዛሬ 25 ዲግሪ ገደማ ዘመም ብላ ትሽከረከራለች። ባለፉት ሚሊዮን ዓመታት ግን ዝመቷ ከዚህ በጣም የበለጠባቸው ጊዜያት ነበሩ። ያኔ የዋልታው በረዶ ተንኖ ወደ መካከለኛው ኬክሮስ መጥቶ ዘነበ። ዛሬ ከአፈር ሥር የምንፈልገው በረዶ ከፊሉ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።

2. መሣሪያችሁን አዘጋጁ፣ ሳጥናችሁን ምረጡ

ጄማርስ የሚባለውን ፕሮግራም አውርዱ። የሠራው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በነፃ ነው። የማርስን ካርታ ይዘረጋል። በላዩ ላይ ከፍታ፣ ሙቀት፣ የፎቶ ቦታዎች እያላችሁ እንደ ሻሽ እላዩ ላይ ትደራርባላችሁ።

ሁለት የተግባር ምክር ልስጥ። አንደኛ፣ ከምህዋር የማርስን ገጽ አጉልቶ የሚያነሣው የሃይራይዝ ካሜራ ሙሉ ምስል በጣም ትልቅ ፋይል ነው። መጀመሪያ ትንሹን መመልከቻ ምስል ክፈቱ፤ የሚያዋጣ ከሆነ ብቻ ሙሉውን ሌሊት አውርዱት። ሁለተኛ፣ ሥራችሁን በየአሥር ደቂቃው ሴቭ አድርጉ። መብራት ይሄዳል። የሁለት ሰዓት ሥራ ሲጠፋ ምን ያህል እንደሚያበሳጭ አውቀዋለሁና ነው።

ከዚያ አንድ ሳጥን ምረጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በሰሜን በኩል ያለውን አርካዲያ ፕላኒሽያ የተባለውን ዝቅተኛ ሜዳ እመክራለሁ። ብዙ ዓይነት መረጃ የተሰበሰበበት ስለሆነ እጅ ለማፍታታት ይመቻል። ጎኑ 2 ዲግሪ የሆነ ሳጥን ይበቃል። አጠገቡ ሌላ ሁለተኛ ሳጥን ያዙ፤ ኬክሮሱ ተመሳሳይ፣ መልኩ የተለየ። ማነጻጸሪያ ከሌላችሁ የምታዩት ቁጥር ምንም አይነግራችሁም።

3. ወቅቱን ሳታዩ ምስል አትመኑ

ይህን ደረጃ ለብቻው ያወጣሁት ስለተሳሳትኩበት ነው። ከዓመታት በፊት 60 ዲግሪ አካባቢ ጉድጓዶቹ ሁሉ ነጭ የለበሱበት ምስል አገኘሁ። «በረዶው ገጽ ላይ ወጥቷል» ብዬ ለጓደኞቼ አዳረስኩ። አንዱ «ምስሉ መቼ የተነሣ ነው?» አለኝ። አላየሁም ነበር። ለካ የማርስ ክረምት፣ የብርዱ ወቅት ነው። ነጩ ነገር የካርቦን ዳይኦክሳይድ አመዳይ ነው። በየክረምቱ ከአየሩ ይወርዳል፣ በፀደይ ተመልሶ ይሄዳል። ከአፈር ሥር ካለው ውኃ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

የማርስን ወቅት የሚነግራችሁ ኤል ኤስ የተባለ ቁጥር ነው። ከ0 እስከ 360 ዲግሪ ይቆጥራል። ለሰሜኑ ክፍል 0 የፀደይ መነሻ፣ 90 የበጋው አናት፣ 180 የመኸር መነሻ፣ 270 የክረምቱ እምብርት ነው። ለደቡቡ ይገለበጣል። እያንዳንዱ ምስል መግለጫ ላይ ይገኛል። ደብተራችሁ ላይ ከምስሉ ቁጥር አጠገብ ጻፉት። ሰሜን ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ በጋውን ምስል ፈልጉ።

4. የመጀመሪያው ምስክር፦ ኒውትሮን

ልጅ ሆናችሁ ብይ ተጫውታችኋል። ብይ ትልቅ ድንጋይ ሲመታ ፍጥነቱን እንደያዘ ነጥሮ ይመለሳል። እኩያውን ብይ ሲመታ ግን ጉልበቱን ሰጥቶ ይቆማል። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር የማርስን አፈር ሲመታ ኒውትሮኖች ይፈናጠራሉ። ኒውትሮን ከብረት ወይም ከሲሊከን ጋር ሲጋጭ እየነጠረ ይሄዳል። ሃይድሮጅን ግን ክብደቱ እኩያው ነው። ሁለት ሦስቴ ከሃይድሮጅን ጋር የተጋጨ ኒውትሮን ይዝላል። ውኃ ደግሞ ሃይድሮጅን አለው። ስለዚህ ፈጣን ኒውትሮን ያነሰበት ቦታ ሃይድሮጅን የበዛበት ቦታ ነው።

በ2001 የተላከችው ማርስ ኦዲሲ ይህን ለካች። በ2002 ውጤቱ ሲወጣ ከ60 ዲግሪ በላይ ያለው የላይኛው አፈር በሃይድሮጅን የተሞላ ሆኖ ተገኘ። የሚታየው ጥልቀት እስከ 1 ሜትር ገደማ ነው።

ካርታውን ክፈቱና ሳጥናችሁ የትኛው ቀለም ውስጥ እንደሚወድቅ መዝግቡ። ክረምት የተለካውን አትጠቀሙ፤ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ አመዳይ አፈሩን ይሸፍነዋል።

አሁን የምስክሩን ድክመት ያዙልኝ። አንደኛው፣ ዓይኑ ደብዛዛ ነው። አንዱ ልኬት በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ስፋት ያጠቃልላል። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ያለውን አገር ሁሉ በአንድ ቁጥር እንደ መግለጽ ነው። ሁለተኛው፣ ሃይድሮጅኑ በረዶ ውስጥ ይሁን በማዕድን ውስጥ ታስሮ ይሁን አይለይም። አረቢያ ቴራ የተባለው በወገቡ አካባቢ ያለ ቦታ ሃይድሮጅን ያሳያል፤ ዛሬ ግን እዚያ ገጽ አጠገብ በረዶ ሊቆይ አይችልም።

5. ሁለተኛው ምስክር፦ ሙቀት

ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። እጃችንን አመዱ ላይ የምንዘረጋው እዚህ ላይ ነው።

ጥቅምት ወር ላይ ማለዳ ወደ ፒያሳ ስትወጡ አንድ ነገር ሞክሩ። ኮብልስቶኑን በእጃችሁ ንኩ። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ደረቅ አቧራ ንኩ። ከሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ ድገሙት። አቧራው ማለዳ በጣም ይቀዘቅዛል፣ ከሰዓት በጣም ይግላል። ድንጋዩ በሁለቱም ጊዜ ይረጋጋል። ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ቀስ ብሎ ያወጣል። ይህ ጠባይ ቴርማል ኢነርሺያ ይባላል። በተለመደው የሳይንስ መለኪያ የማርስ አቧራ ከ100 በታች ነው። ልቅ አሸዋማ አፈር 200 አካባቢ ነው። ድፍን በረዶ ከ2,000 አይርቅም። ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ ከሰማይ ይታያል።

ችግሩ አፈሩ በላዩ መሆኑ ነው። የቀንና የሌሊት ሙቀት ደረቅ አፈር ውስጥ የሚሰምጠው ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በረዶው 10 ሴንቲ ሜትር ታች ከሆነ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ወሬውን አይሰማም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። መፍትሔው ግን ያምራል፦ ከቀኑ ይልቅ ዓመቱን ጠይቁት። ሙቀት የሚሰምጥበት ጥልቀት ከጊዜው ርዝመት ስኩዌር ሩት ጋር ያድጋል። የማርስ ዓመት 669 የማርስ ቀናት ነው። የ669 ስኩዌር ሩት 26 ገደማ ነው። 3 ሴንቲ ሜትሩን በ26 አባዙት፤ ወደ 78 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የዓመቱ ሙቀት በረዶውን ይነካዋል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይታያል? በጋ ላይ ከሥር ያለው በረዶ ሙቀቱን ይጠጣል። ስለዚህ ገጹ ከጎረቤቱ ደረቅ መሬት ቀዝቀዝ ይላል። መኸር ላይ በረዶው የጠጣውን መልሶ ይሰጣል። ያኔ ገጹ ከጎረቤቱ ሞቅ ይላል፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አመዳይም ዘግይቶ ይወርድበታል። በጋ ቀዝቀዝ፣ መኸር ሞቅ። ይህን ግልብጥብጥ ፈልጉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጄማርስ ላይ የቴሚስን፣ ማለትም ኦዲሲ ላይ ያለውን የሙቀት ካሜራ የኢንፍራሬድ ምስሎች አምጡ። አንዱ ፒክስል 100 ሜትር ነው። ከሁለቱ ሳጥኖቻችሁ በተለያየ ኤል ኤስ የተነሡትን ለቅሙ፤ ቢያንስ ከበጋውና ከመኸሩ። የተነሡበት የማርስ ሰዓት ተቀራራቢ መሆኑን አረጋግጡ። ከእያንዳንዱ የአንድን ጠፍጣፋ ቦታ አማካይ ሙቀት ጻፉ። ከዚያ በግራፍ ወረቀት ወይም በኤክሴል አግድሙን ኤል ኤስ፣ ቁመቱን ሙቀት አድርጋችሁ ነጥቦቹን አኑሩ። መጀመሪያ በእጃችሁ ሣሉት። ኮምፒውተር ከሚሥለው ይልቅ በእጅ የሣሉት ግራፍ ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል።

ጠለቅ ማለት ከፈለጋችሁ ኬ አር ሲ የሚባል የሙቀት ስሌት ፕሮግራም አለ። የኬክሮስ፣ የአፈርና የበረዶ ጥልቀት ቁጥር ትሰጡታላችሁ፤ የዓመቱን ሙቀት ይሰጣችኋል። 5 ሴንቲ ሜትር፣ 20 ሴንቲ ሜትር፣ 1 ሜትር እያላችሁ አስሉት። ነጥቦቻችሁ ለየትኛው መስመር እንደሚቀርቡ ተመልከቱ።

በ2019 የወጣ ጥናት ይህንኑ መንገድ ለመላው ፕላኔት ተጠቅሞበታል። የቴሚስን መረጃ በማርስ ሬኮኔሳንስ ኦርቢተር ላይ ካለ ሌላ የሙቀት መለኪያ ጋር አጣመረ። ይህች መንኮራኩር ከማርስ ወገብ በላይ የምታልፈው ከቀኑ 9 ሰዓትና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ በእኛ አቆጣጠር ነው። ጥናቱ አንዳንድ ቦታ በረዶው ከገጹ 2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ እንዳለ አመለከተ። በአካፋ ሳይሆን በጭልፋ የሚወጣ በረዶ ማለት ነው።

የዚህ ምስክር ድክመት ድንጋይ ነው። ከአሸዋ ሥር ያለ ድፍን ዓለትም ሙቀቱን እንደ በረዶ ይጠጣል፣ እንደ በረዶ ይመልሳል። ተዳፋትም ያሳስታል። ወደ ዋልታ የዞረ ቁልቁለት ከወትሮው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጠፍጣፋ ቦታ ያዙ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ሁለቱን ምስክሮች አስተያዩ። ሙቀት ዓለትን ከበረዶ አይለይም፤ ኒውትሮን ግን ይለያል፣ ዓለት ሃይድሮጅን ስለሚያንሰው። ኒውትሮን እርጥብ ማዕድንን ከበረዶ አይለይም፤ ሙቀት ግን ልቅ አፈርን ከድፍን በረዶ ይለያል። ያንዱ ጨለማ ለሌላው ብርሃን ነው። የዚህ ሥራ ምስጢር ሁሉ ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የምስክር ብዛት ብቻ አይጠቅምም። በአንድ ነገር የሚሳሳቱ አምስት ምስክሮች እንደ አንድ ናቸው። በተለያየ ነገር የሚሳሳቱ ሁለት ምስክሮች ሲስማሙ ግን መስማት ነው።

6. ሦስተኛው ምስክር፦ የራዳር ማሚቶ

ገደል ፊት ቆማችሁ ስትጮኹ ማሚቶው ይመለሳል። የዘገየበትን ጊዜ ካወቃችሁ የገደሉን ርቀት ታሰላላችሁ። ራዳርም ይኸው ነው። ሻራድ የተባለው ራዳር ከ15 እስከ 25 ሜጋኸርዝ ሞገድ ይልካል። ከፊሉ ከገጹ ይመለሳል። ከፊሉ ወደ ውስጥ ገብቶ የበረዶው ወለል ላይ ሲደርስ ይመለሳል። በሁለቱ ማሚቶዎች መካከል ያለው ክፍተት የንብርብሩን ውፍረት ይናገራል።

ስሌቱን በምሳሌ እንሥራው። ዙሪያው ተበልቶ የቀረ ጠፍጣፋ ጉብታ አገኛችሁ እንበል። ከከፍታ ካርታው ቁመቱ 100 ሜትር ነው። ወለሉ ከዙሪያው ሜዳ ጋር እኩል ነው ብላችሁ ያዙ። ሞገዱ 100 ሜትር ይወርዳል፣ 100 ሜትር ይወጣል። በባዶ ጠፈር ቢሆን 0.67 ማይክሮ ሰከንድ በቂው ነበር። በውስጠኛው ቁስ ግን ሞገድ ይዘገያል። የመዘግየቱ ልክ ዳይኤሌክትሪክ ቁጥር ከሚባለው ስኩዌር ሩት ጋር ይሄዳል። ለንጹሕ በረዶ ቁጥሩ 3.15 ነው፤ ስኩዌር ሩቱ 1.77። ስለዚህ ክፍተቱ 1.18 ማይክሮ ሰከንድ ይሆናል። ለድፍን ባዝልት፣ ማለትም ለላቫ ድንጋይ፣ ቁጥሩ 8 አካባቢ ነው፤ ክፍተቱ ወደ 1.9 ማይክሮ ሰከንድ ይጠጋል። ራዳሩ ምስል ላይ 1.2 ካነበባችሁ ጉብታው ድፍን ላቫ አይደለም።

በዚህ መንገድ በ2008 ከተራሮች ግርጌ በድንጋይና በአፈር ተሸፍነው የተኙ እውነተኛ የበረዶ ግግሮች ተገኙ። በ2016 ደግሞ ዩቶፒያ ፕላኒሽያ በተባለው የሰሜን ሜዳ ላይ ከ80 እስከ 170 ሜትር የሚወፍር በበረዶ የበለጸገ ንብርብር ታወቀ። ያ ንብርብር የያዘው ውኃ ከሰሜን አሜሪካው ሱፒሪየር ሐይቅ ጋር የሚወዳደር ነው።

ሦስት ጥንቃቄ አለ። የመጀመሪያው፣ ብዙ ባዶ ቀዳዳ ያለው ደረቅ አፈርም ቁጥሩ 3 አካባቢ ሊሆን ይችላል። በረዶ ለመምሰል በቂ ነው። ሁለተኛው፣ ሻራድ የላይኛውን ከ15 እስከ 20 ሜትር ለይቶ አያይም፤ የገጹ ማሚቶ ጮክ ብሎ ይውጠዋል። ስለዚህ ወፍራም በረዶ መኖሩን ይነግራችኋል እንጂ ጣሪያው ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳለ አይነግራችሁም። ለዚያ ወደ ሙቀቱ ተመለሱ። ሦስተኛው የጎን ማሚቶ ነው። ከመንኮራኩሯ መስመር ራቅ ብሎ ያለ ኮረብታ የሚመልሰው ሞገድ ዘግይቶ ይደርስና ከመሬት በታች የመጣ ይመስላል። ከራዳር ምስሎቹ ጋር ከመሬቱ ቅርጽ ብቻ የተሰላ የማስመሰያ ምስል አብሮ ይቀመጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉ። ያያችሁት መስመር ማስመሰያው ላይም ካለ ሰርዙት።

7. የመሬቱን ፊት አንብቡ

የሃይራይዝ ካሜራ አንዱ ፒክስል ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። የቡና ጠረጴዛ ማርስ ላይ ቢቀመጥ ነጥብ ሆኖ ይታያል። የሚፈለጉት ቅርጾች የታወቁ ናቸው፦ እንደ ንብ ቀፎ የተሰነጠቀ ሜዳ፣ በማንኪያ የተዛቀ የሚመስል ጎድጓዳ መሬት፣ ውስጡ ደረጃ ያለው የግጭት ጉድጓድ። የመጨረሻው በተለይ ይጠቅማል። የጠፈር ድንጋይ ሁለት ዓይነት ንብርብር ሲመታ ደካማውና ጠንካራው በሚገናኙበት ላይ ደረጃ ይቀራል። አርካዲያ ላይ እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች አሉ።

ቅርጽ ግን ያታልላል። በበጋ ወደ ከተማው ጠርዝ ወጣ ብላችሁ መረሬውን ጥቁር አፈር እዩት። በየአቅጣጫው ተሰነጣጥቆ ልክ የማርስን ሜዳ ይመስላል። እሱ የተሰነጠቀው ስለደረቀ ነው። የማርሱ አብዛኛው የሚሰነጠቀው በረዶ ያሰረው መሬት በብርድ ሲኮማተር ነው። ሌላም አለ፤ ቅርጽ ያለፈውን ይናገራል። ባሌ ተራሮች፣ ሳነቴ ላይ በጥንቱ ብርድ ዘመን የተሰደሩ ትልልቅ የድንጋይ ረድፎች አሉ። ያ ብርድ ካለፈ ቆይቷል፤ ረድፎቹ ግን አሁንም አሉ። ስለዚህ ለቅርጽ ብቻውን ሙሉ ነጥብ አትስጡ።

8. ተፈጥሮ የቆፈረችውን ጉድጓድ ፈልጉ

እስካሁን በእጅ ዳሰሳ ነበር። አንዳንዴ ግን ሰማይ ራሱ አመዱን ይገልጠዋል። አዲስ የጠፈር ድንጋይ ሲወድቅ አቧራው ይበተንና ጥቁር ነጥብ ይቀራል። ሲ ቲ ኤክስ የተባለውን ካሜራ ምስሎች በፊትና በኋላ እያስተያያችሁ አዲስ ጥቁር ነጥብ ፈልጉ። ፒክስሉ 6 ሜትር ነው። ካገኛችሁ እዚያ ላይ ሃይራይዝ ምስል መኖሩን እዩ።

በ2008 በዚህ መንገድ ከ43 እስከ 56 ዲግሪ ሰሜን መካከል አምስት ቦታ ላይ ነጭ ነገር የታየባቸው አዳዲስ ጉድጓዶች ተገኙ። ከጥቂት ሜትር እስከ 12 ሜትር የሚሰፉ ናቸው። ነጩ ነገር በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ሄደ። በረዶ ተን ሲሆን እንዲህ ነው። የብርሃን መተንተኛ መሣሪያም የውኃ በረዶ ምልክት የሆኑትን 1.5 እና 2 ማይክሮ ሜትር ላይ ያሉ ጥላዎች አነበበ። ነጩ ነገር ጨው ቢሆን ኖሮ ባልደበዘዘ ነበር።

ጥልቀቱን ለመገመት ቀላል ደንብ አለ። እንዲህ ያለ ትንሽ ጉድጓድ ወደ ውጭ የሚወረውረው አፈር የሚመጣው ከስፋቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ካለ ጥልቀት ነው። 4 ሜትር የሚሰፋ ጉድጓድ በዙሪያው ነጭ ከረጨ በረዶው ከ40 ሴንቲ ሜትር አይርቅም። አጠገቡ 2 ሜትር የሚሰፋ ሌላ ጉድጓድ ነጭ ካላሳየ ደግሞ ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። ሁለቱን ካገኛችሁ ጣሪያውን በመካከል አጠመዳችሁት።

ከሁሉም ትልቁ የሆነው ዲሴምበር 24 ቀን 2021 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 15 ቀን። አማዞኒስ በተባለው ሜዳ ላይ በ35 ዲግሪ ሰሜን የወደቀ ድንጋይ 150 ሜትር የሚሰፋ ጉድጓድ ቆፈረ። ኢንሳይት የተባለችው መንኮራኩር ማርስ ላይ ሆና መንቀጥቀጡን ሰማች፤ መጠኑ 4 ነበር። በጉድጓዱ ዙሪያ ድብልብል የበረዶ ቋጥኞች ተበትነው ታዩ። እስከዚያ ድረስ ወደ ወገብ በጣም ቀርቦ በዓይን የታየ የተዳፈነ በረዶ እሱ ነው።

በቁልቁለት የተገለጠም አለ። በ2018 በ8 ቦታ ገደሎች ላይ ከ100 ሜትር በላይ የሚወፍር በረዶ መታየቱ ተዘገበ። የሚጀምረው ከገጹ 1 ወይም 2 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው።

9. ነጥብ ስጡና መዝኑ

ደብተራችሁ ላይ ለእያንዳንዱ ሳጥን ሰንጠረዥ ሥሩ። ለእያንዳንዱ ምስክር ከሦስት አንዱን ጻፉ፦ በረዶ አለ የሚል ከሆነ +1፣ የለም የሚል ከሆነ −1፣ አላየሁም የሚል ከሆነ 0። ስዊም የተባለው የናሳ የበረዶ ካርታ ሥራም በዚህ መንፈስ ነው የተሠራው። ኒውትሮንን፣ ሙቀትን፣ ቅርጽን፣ የራዳር የገጽ ጥንካሬንና የራዳር የውስጥ ማሚቶን ከ−1 እስከ +1 እየመዘነ ያማክላል።

የ0ን ነገር አደራ። ራዳሩ ምንም አላሳየም ማለት በረዶ የለም ማለት አይደለም። የበረዶው ወለል ሻካራ ከሆነ ማሚቶው ይበተናል። በረዶው 5 ሜትር ብቻ ከሆነ ከገጹ ማሚቶ ጋር ይቀላቀላል። −1 የሚሰጠው ምስክሩ ማየት በሚችልበት ቦታ ቆሞ «የለም» ሲል ብቻ ነው። ጓደኞቼ ጋር በብዛት የምንከራከረው በዚህ ነው፤ ክርክሩም ጊዜ የሚገባው ነው።

ልኬታችሁ ምን ያህል እንደሚታመን ለማየት መሬት የነካ ሰነድ አለ። ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር ሜይ 25 ቀን 2008 በ68 ዲግሪ ሰሜን አረፈች። ኦዲሲ ከላይ ሆና «እዚህ ሃይድሮጅን አለ» ስላለች ነው እዚያ የተላከችው። በክንዷ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስትቆፍር ጠንካራ ነጭ ነገር ነካች። ከጉድጓዱ የታዩት ነጭ ፍርፋሪዎች በአራት ቀን ውስጥ ተንነው ጠፉ። ከምህዋር የተባለው መሬት ላይ ተረጋገጠ። ቫይኪንግ 2 ግን በ1976 በ48 ዲግሪ ሰሜን አርፋ አፈሩን ጫር ጫር አድርጋ በረዶ ሳታይ ቀረች። የ2008ቱን ጉድጓዶች ያጠኑት ሳይንቲስቶች በኋላ እንዳሉት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብትጨምር ኖሮ ልታገኘው ትችል ነበር። ይህን ሳነብ ያቺን አራት ኪሎ ላይ በጫማዬ የገለጥኳትን አሸዋ ነው ያሰብኩት።

10. ምስል ጠይቁ

ሰንጠረዡ ከሞላ በኋላ አንድ ክፍት ቦታ መቅረቱ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው የሃይራይዝ ምስል ነው፤ ካሜራው ጥርት አድርጎ የሚያይ ቢሆንም የሸፈነው የፕላኔቷ ክፍል ትንሽ ነው። ለዚህ ሃይዊሽ የሚባል ገጽ አለ። ማንም ሰው ካሜራው የት እንዲያነሣ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ ዲግሪ አይጠየቅም።

ስትጽፉ አጭር ሁኑ። የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ የምትፈልጉትን ኤል ኤስ፣ ለምን እንደሆነ በሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር። «በረዶ ያለ ይመስለናል» አትበሉ። «ሙቀቱ +1፣ ኒውትሮኑ +1፣ ራዳሩ 0፤ በበጋው ሲ ቲ ኤክስ ምስል ላይ አዲስ ጥቁር ነጥብ አለ፤ ነጭ ነገር መኖሩን ማየት እንፈልጋለን» በሉ። ከዚያ የላካችሁበትን ቀን ደብተራችሁ ላይ ጻፉና ወደ ሁለተኛው ሳጥን እለፉ፤ ምስሉ ቢነሣም ወራት ሊወስድ ይችላል።